አወጣጥም እንደ አገባብ ነው

ሳንጃ ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከበለሳ፣ ከወገራ፣ ከጎጃም ሳይቀር ወደ አርማጭሆና መተማ ቆላ የሚወርደው ወጣት ብዙ ነው። ይህ ወጣት በአንድ ወቅት ሁለትና ሦስት እርሻ ይቀያይራል። አይረጋም ብሎ የሚያማው ግን የለም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ከዘገየ ፍሬው እየረገፈ መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ባለ እርሻው ስንት ቦታ እንደሠራህ አይቆጥርም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የያዝከውን ጨርሰህ ነው የሄድከው ወይስ ማሳ መሐል ጥለህ? ጨርሶ የሄደውን ለከርሞ ራሱ ፈልጎ ይጠራዋል።

የቢሮ ሥራ ላይ ስንደርስ ግን በየቤቱ ክርክር አለ። አባት “አንድ ቦታ እርጋ” ይላል፤ ጓደኛ “ሁለት ሺህ ብር ከጨመሩልህ ምን ትጠብቃለህ?” ይላል። ቀጣሪውስ? ማስረጃው ላይ በሁለት ዓመት ሦስት መሥሪያ ቤት ሲያይ ሦስት ጥያቄ ይመጣበታል። አሠልጥኜው ጥሎኝ ይሄድ ይሆን? ተባሮ ይሆን? ከሰው አይስማማም ይሆን? እነዚህ ጥያቄዎች እንጂ ፍርድ አይደሉም። ኮንትራቱ ያለቀበት፣ ፕሮጀክቱ የተዘጋበት፣ በጸጥታ ችግር ሥራው የተቋረጠበት ሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊመልሳቸው ይችላል፤ ወረቀት ካለው።

ወረቀት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። የእህቴ ልጅ ፋርማሲስት ነው፤ ጎንደር ላይ ሦስት ቦታ ሠርቷል። ከሁለቱ መልቀቂያ ይዞ ወጣ። በሦስተኛው ደመወዝ እየዘገየ ቢያስቸግረው አንድ ቀን ተናዶ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ከወራት በኋላ ጥሩ ቦታ ተወዳድሮ አለፈ። ብዙ ቦታ ለምን ሠራህ ያለው አልነበረም፤ የመጨረሻውን መሥሪያ ቤት መልቀቂያ አምጣ አሉት እንጂ። እሱን ለማግኘት ሲመላለስ ቀኑ አለፈ፤ ቦታውም ለተከታዩ ተሰጠ።

የሚያሳዝነው ሕጉ ሁለቱንም ወገን አስቀድሞ ያሰበ መሆኑ ነው። በግል ድርጅቶች በሚሠራበት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ያለ በቂ ምክንያት ሳያስጠነቅቅ ከሄደ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። አሠሪውም የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት። መብቱ ግን በጽሑፍ ለጠየቀና ኮፒ ለያዘ ሰው ይቀላል።

ከመልቀቅ በፊት ሒሳቡንም አስሉት። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። አዲስ ቦታ ስትገቡ ከ16 ትጀምራላችሁ። ጡረታ ግን እንዲህ አይደለም። ከደመወዛችሁ የሚቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ በጡረታ መለያ ቁጥራችሁ ስለሚመዘገብ፣ በተለያየ ቦታ ያገለገላችሁት ዘመን ይደመራል። ስለዚህ አዲሱ አሠሪ በዚያው ቁጥር እንዲመዘግባችሁ አትርሱ። በቃል ተቀጥረው ጡረታ ሳይከፈልላቸው ከቦታ ቦታ የሚዞሩ ልጆች ግን ዓመታቸውን ነው የሚጥሉት።

ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ የድሮ አለቃን ማማት አይጠቅምም። “ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል” ይባላል። የሚሰማችሁ ሰው ነገ እኔንም እንዲህ ይለኛል ብሎ ያስባል። “እዚያ የመድኃኒት ክምችት አያያዝ ተምሬያለሁ፤ አሁን የተሻለ ኃላፊነት እፈልጋለሁ” ማለት ይበቃል።

ለአሠሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ደመወዝ በወሩ የማይከፍል፣ ትርፍ ሰዓት አሠርቶ የሚረሳ ሰው “የዘንድሮ ልጅ አይረጋም” ሲል መስማት ይከብዳል። ልጁ የሄደበትን ምክንያት ከደመወዝ መክፈያው መዝገብ ላይ ማየት ይቻላል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሥራ ልቀቅ ሲል አትቆጡት። “ማስጠንቀቂያ ሰጠህ? ያለህን ንብረት አስረከብክ? ማስረጃህን ተቀበልክ?” ብላችሁ ጠይቁት። ለሦስቱም “አዎ” ካለ መርቁና ሸኙት።