ማዳበሪያውና ውሃው

ከጆሐንስበርግ የሚነሣው የጁክስኪ ወንዝ ከክሮኮዳይል ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሃርትቢስፖርት ግድብ ይገባል። ይህ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1923 ተሠርቶ ያለቀው ለመስኖ ነበር፤ ዳሩ ግን ለብዙ ዓመታት አረንጓዴ አተላና እምቦጭ ሲያለብሱት ኖረዋል። ምክንያቱ አይሠወርም፤ ይልቁንም ከከተማው ፍሳሽ፣ ከፊሉም ከእርሻው፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ስለሚወርድበት ነው።

ይህን የምናነሣው እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይም ስለ ታየ ነው። አረሙን መንቀል ብቻ አይበቃም፤ ቀለቡ ካልተቋረጠ ተመልሶ ይበቅላል።

ገበሬው ማዳበሪያ ይተው አንልም። ጤፍ ያለ ናይትሮጅን አያፈራም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ማዳበሪያ ያጣው የአማራ ገበሬ ባሕር ዳር ድረስ መጥቶ አቤት ብሏል። ነገር ግን ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን የሆነው ዩሪያ ባንድ ጊዜ ቢበተን ክረምቱ ብዙውን ጠርጎ ይወስደዋል፤ ገበሬው በብድር የገዛው ሀብት የአረም ቀለብ ይሆናል።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ይኸውም ዩሪያውን ከፋፍሎ ከፊሉን በዘር ጊዜ፣ ከፊሉን ቡቃያው ሲጠነክር መስጠት፤ ባቄላና ሽንብራ ማፈራረቅ፤ ፍግን ለመሬቱ መመለስ ነው። ሆኖም ሌላ ማገዶ ለሌለው ሰው «ኩበት አታንድድ» ማለት ፌዝ ነው።

ስለዚህ እኛ የምንጠይቀው ምክርን ብቻ አይደለም። ማዳበሪያ በወቅቱ ይድረስ፤ አፈሩ ይመርመር፤ ከተሞችም ፍሳሻቸውን ያጥሩ። እ.ኤ.አ. በ1965 «መሬት ለአራሹ» ያለው ተማሪ ዛሬ ለአራሹ የደረሰው መሬትና ውሃ እንዳይሞት መቆም አለበት።