የሰኔ ሠላሳ ስም ጥሪ

በሰኔ 30 ቀን በሞጆ፣ የጂቡቲ ከባድ መኪናዎች ወደ ደረቁ ወደብ በሚጎርፉበት አውራ ጎዳና ዳር ቆሞ ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ልጆች ያስተዋለ ሰው፣ ከአንድ ክፍል ሦስቱ በፍሥሐ ሲፈነድቁ፣ የቀሩት ሃምሳና ስድሳ ግን ካርዳቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ሲሸጉጡ ያያል። የዓመቱ ድካም ሁሉ «ስንተኛ ወጣህ?» በምትል አንዲት ጥያቄ ይጠቃለላል፤ መልሷ አርባ ሁለተኛ የሆነችበት ልጅ ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ሆን ብሎ ያረዝመዋል።

ይህ ቀን የቂም መወጫ እንደነበረ፣ «ሰኔ ሠላሳ እንገናኝ» እየተባለ የተቀጠረው ጠብ ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ይፈጸም እንደነበረ፣ እኛ ጎልማሶቹ እየሳቅን እናወሳለን። እኔ ግን ውዳሴ ያልደረሰው ልጅ በዕለቱ ቢያንስ በጡንቻው ስም ለማውጣት የሚሻ ይመስለኛል።

የቀደመው ልማድ ሌላ ነበር። ፊደል ቆጥሮ፣ የዮሐንስን መልእክት አንብቦ፣ ከብዙ ትጋት በኋላ ዳዊት የደገመ ሕፃን ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ይደግሱለት፣ መምህሩንም ያከብሩበት ነበር፤ ቁርዓን ላኸተመም ልጅ እንዲሁ ይደረግ ነበር። አንዱ ፈጥኖ፣ ሌላው ዘግይቶ ይጨርስ ነበርና ደስታው ለመፈጸሙ እንጂ ለመቅደሙ አልነበረም። (የአርጩሜውን ነገር አልዘነጋሁትም፤ ያን ዘመን ገነት ላደርገው አልሻም።) ዘመናዊው ትምህርት ቤት ደግሞ የወላጆችን በዓል ከነመድረኩ አመጣልን፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በትምህርታቸው ለላቁ ልጆች በገዛ እጃቸው ሽልማት ይሰጡ ነበር፤ ይህ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ጭብጨባው ከፊተኞቹ አልፎ ወደ ኋለኛው ወንበር ሳይደርስ እስከ ዛሬ ቆየ።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸውን፣ 1,328 ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አለማሳለፋቸውን ሰምተናል። ይህን ውድቀት በከበሮ እንሸፍነው የሚል የለም። ነገር ግን ምስጋና ለአላፊዎች ብቻ የተለየች ከሆነች፣ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች የሚጨበጨብለት አንድ ልጅ አይገኝም ማለት ነው፤ እንዲህ ልቡ የተሰበረ ልጅም በመስከረም ወደ ክፍሉ ለመመለስ ምን ያተጋዋል?

«ሁሉ ከተሸለመ ሽልማት ምን ዋጋ አለው?» የሚለኝ አንባቢ እውነት አለው፤ ሐሰተኛ ውዳሴን ከማንም በፊት የሚያውቃት ራሱ ሕፃኑ ነው። እኔም ሽልማት ለሁሉ ይታደል አላልኩም። ከትምህርት በኋላ በመነኻሪያው ሲላላክ እያመሸ ከክፍል ያልቀረ ልጅ ቢኖር ይህ ይነገርለት፤ በመስከረም ማካፈል ያቃታት ልጅ በሰኔ ለጓደኛዋ የምታስረዳ ሆና እንደ ሆነ፣ ይኸው በእናቷ ፊት ይነገርላት ማለቴ ነው።

ይህን ለመፈጸም ስም ጠሪው መምህር ይበቃል። ዓመቱን ሙሉ ቀሪውን ለመለየት የጠራውን ስም፣ ካርዱን ሲሰጥ አንድ ጊዜ ደግሞ ይጥራው፤ ከስሙም ጋር ስለ ልጁ የሚያውቀውን አንድ እውነተኛ ዐረፍተ ነገር ይናገር። ለእያንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ ቢሰጥ ስድሳው ልጅ በግማሽ ሰዓት ያልቃል፤ የክብር እንግዳው ንግግር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይረዝማል።