«ሲስተም የለም» ሲባል፣ አንዳንዴ ሲስተሙ ከስክሪኑ በታች ነው

በክረምት ባሮ ሲሞላ ከላሬ ወይም ከጂካዎ ተነስቶ ጋምቤላ ከተማ መድረስ ቀላል አይደለም። አንድ ባለጉዳይ እንደምንም ደረሰ እንበል። ለትራንስፖርት ከፍሎ፣ አልጋ ይዞ፣ በማለዳ ቢሮ ተሰለፈ። ተራው ደረሰና ሠራተኛዋ ቅጹን ሞላች። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የአያቱ ስም፣ ቀበሌው ሁሉ ገባ። «መዝግብ» የሚለው ቁልፍ ግን የለም። መስኮቱ ከስክሪኑ ስለረዘመ ቁልፉ ከታች ተቆርጦ ቀርቷል፤ ጠርዙን ይዞ ማሳነስም አይቻልም። ባለጉዳዩ የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው፦ «ሲስተም እምቢ አለ፣ ነገ ተመለስ።»

ነገሩ ተራ ሒሳብ ነው። ፕሮግራመሩ ቁመቱ 1080 ፒክስል በሆነ ሰፊ ስክሪን ላይ ይሠራል፤ የመስኮቱን ቁመትም 900 ላይ ይቆልፈዋል። በየቢሮው የሚገኘው ርካሽ ላፕቶፕ ግን ብዙውን ጊዜ 1366 በ768 ነው። ጽሑፉ እንዲጎላ ዊንዶውስ ላይ 125 ፐርሰንት ከተደረገ ለፕሮግራሙ የሚተርፈው ቁመት 614 ገደማ ብቻ ይሆናል። ከዚህም ላይ ታች ያለው የተግባር አሞሌ ድርሻውን ይወስዳል። ስለዚህ ከ900ው ውስጥ ከ300 በላይ የሚሆነው ከስክሪን ውጪ ይቀራል። «መዝግብ» እና «አትም» ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት እዚያው ታች ነው።

ሁለተኛው ችግር የቦታ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች መጨረሻ የተዘጉበትን ቦታ አስታውሰው እዚያው ይከፈታሉ። ትናንት ከፕሮጀክተር ጋር ተያይዞ የነበረ ላፕቶፕ ዛሬ ብቻውን ሲነሳ፣ መስኮቱ በሌለ ስክሪን ላይ ሊከፈት ይችላል። ምልክቱ አሞሌው ላይ ይታያል፤ መስኮቱ ግን የትም የለም። የሚያውቅ ሰው አልት እና ስፔስን አንድ ላይ ተጭኖ፣ ቀጥሎ ኤምን ነክቶ፣ በቀስት ቁልፎች ይጎትተዋል። የማያውቀው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራል፤ ያም ካልሠራ «ተበላሽቷል» ይላል።

ቋንቋም አለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ኑዌርኛና አኙዋክኛ ደግሞ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ለእንግሊዝኛ አጭር ቃል ተለክቶ የተቆለፈ ቁልፍ ውስጥ «አስቀምጥ» ሲገባ ይቆረጣል። ሦስት ቋንቋ ሊያስተናግድ የሚገባው ቅጽ በአንድ ቋንቋ ልክ ተሰፍቶ ይመጣል።

«ዋናው ችግር መብራትና ኔትወርክ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። ግን መብራት ሲጠፋ ፕሮግራመሩ ምንም ማድረግ አይችልም፤ የመስኮቱ ልክ ግን በእጁ ነው። «ኮምፒውተሩን ቀይሩት» ማለትም መፍትሔ አይሆንም፤ ለአንድ መስኮት ሲባል የየወረዳውን ኮምፒውተር ሁሉ መቀየር ከኮዱ ማስተካከያ እጅግ ይወደዳል።

ማስተካከያው ደግሞ የታወቀ ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት የስክሪኑን ትክክለኛ ስፋትና ቁመት ይጠይቅ፤ ከዚያ አይብለጥ። የድሮ ቦታውን ከማመኑ በፊት ያ ስክሪን ዛሬም መኖሩን ያረጋግጥ። ቅጹ ከረዘመ ወደ ታች የሚጎተት ይሁን፤ «መዝግብ» ግን ሁልጊዜ እንደታየ ይቆይ። ተጠቃሚው ጠርዙን ይዞ እንዲያሰፋና እንዲያጠብ ይፈቀድለት። ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ዊንዶውስ 1.0 መስኮቶችን ጎን ለጎን ብቻ ይደረድር ነበር፤ በ1987 የመጣው ሁለተኛው ግን አንዱን በሌላው ላይ ማንቀሳቀስ አስችሏል። ከዚያ ወዲህ ወደ አርባ ዓመት ሊሆነው ነው።

አገሪቱ በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚል ስትራቴጂ አጽድቃ ብዙ አገልግሎት ወደ ኮምፒውተር ስታስገባ ቆይታለች። ወረቀት ሲጠብ ጸሐፊው ጀርባው ላይ ይጽፍ ነበር፤ የተቆለፈ መስኮት ግን ጀርባ የለውም። ስለዚህ በየጨረታ ሰነዱ አንድ መስመር ይጨመር፦ ሶፍትዌሩ ርክክብ የሚፈጸመው በሆቴል አዳራሽ ፕሮጀክተር ላይ ሳይሆን፣ በሩቁ ወረዳ ባለው ትንሹ ስክሪን ላይ ተሞክሮ ነው። እዚያ «መዝግብ» ከታየ፣ ሌላው ቦታ ሁሉ ይታያል። ካልታየ ግን ክፍያው ይቆይ፤ ነገ የሚመለሰውም ባለጉዳዩ ሳይሆን ሶፍትዌሩን የሸጠው ድርጅት ይሁን።