መርዶ የተነፈጋት አራስ

«እናቱ የሞተችበትም እናቱ ገበያ የሄደችበትም እኩል ያለቅሳሉ» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ የሚነገረው ያለ በቂ ምክንያት የሚያማርረውን ለመገሠጽ ነው። እኔ ግን ዛሬ ወደ ሌላ ጉዳይ ልወስደው እወዳለሁ፤ ሁለቱ አልቃሾች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኙበት ቤት አለና። አንደኛው ገና የተወለደ ሕፃን ነው፤ እናቱ ለአፍታ ዘወር ስትልበት ያለቅሳል። ሁለተኛዋ ያችው እናቱ ናት፤ በወለደችበት ሰሞን የገዛ እናቷ ሞተውባታል። ሕፃኑ ሲያለቅስ ቤተሰቡ ሁሉ ይሯሯጣል። እርሷ ግን እንድታለቅስ አልተፈቀደላትም፤ የምታለቅስበት ነገር መኖሩንም አታውቅም። እናቷ የሞቱባትን ሴት «እናትሽ ገበያ ሄደዋል» እያልን እንደልላታለን። አራስ ናትና! አራስ ደግሞ መርዶ አይነገራትም።

ይህ ጽሑፍ በዚህ ልማድ ላይ የቀረበ ክስ ነው። ከመነሻው ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ ልማዱን የወለደው ክፋት አይደለም። አያቶቻችን ሐኪም በሌለበት ዘመን፣ ወላድ በደም መፍሰስና በትኩሳት ስትቀጠፍ እያዩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አራስን ከብርድ፣ ከፀሐይ፣ ከድንጋጤና ከክፉ ዓይን መከለል በእጃቸው የነበረው ብቸኛ መከላከያ ነበር፤ መርዶንም ከእነዚሁ ጋር ደመሩት። ነገር ግን እነርሱ አራሷን በሴቶች ጉባኤ ከበው፣ ገንፎውን አገንፍተው፣ አጥሚቱን አፍልተው፣ ሌት ከቀን ሳይለዩ ነበር የሚከልሏት። እኛ ዛሬ ጉባኤውን በትነን ውሸቱን ብቻ አስቀርተናል።

እስቲ ውሸቱ ምን እንደሚወስድባት እንመልከት። በአገራችን ቀብር አይዘገይም፤ ሰው በሞተበት ዕለት ወይም በማግስቱ ይቀበራል። ስለዚህ «ለጊዜው አንንገራት» የሚለው ቃል ለጊዜው የሚባል ውሳኔ አይደለም። እናቷን አትቅበር፣ አፈር አታልብስ፣ ከወንድሞቿና ከእኅቶቿ ጋር አታልቅስ ብሎ መፍረድ ነው። ፍርዱ ደግሞ ተመልሶ አይታይም፤ የተቀበረ ዳግመኛ አይቀበርም።

መርዶ በእኛ ዘንድ እንደ ተራ ወሬ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ሥርዓት አለው። ዘመድና ጎረቤት በሌሊት ተጠራርቶ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳክቶ፣ የሚደግፍ ክንድ አዘጋጅቶ ነው የሚያረዳው። በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ ባዕድ ከተማ የሚኖረው ወገናችን ይህን ሥርዓት ይዞ ተሰዷል፤ በብርድ ማልዶ፣ ተሰብስቦ የወዳጁን በር ያንኳኳል። የሥርዓቱ ትርጉም ግልጽ ነው። ማንም ሐዘኑን ብቻውን እንዳይሰማ፣ ብቻውንም እንዳይወድቅ ነው። አራሷን ከመርዶ የከለከልናት ስንመስለን፣ የከለከልናት ይህን ክንድ ነው።

የማውቃትን የአንዲት ሴት ታሪክ እዚህ ላይ ላንሣ። የመጀመሪያ ልጇን በወለደች በዘጠነኛው ቀን እናቷ ዐረፉ። ከወር በላይ በየዕለቱ ስለ እናቷ ጠየቀች። አንድ ቀን «ጉንፋን ይዟቸው ሕፃኑን እንዳያስይዙት ፈርተው ነው» ተባለች። ሌላ ቀን «ጠበል ገብተዋል» ተባለች። ሌላ ቀን ደግሞ «ስልካቸው ተበላሽቶ ነው»። ባሏ ከለቅሶው ቤት ሲመለስ ጥቁር ልብሱን ጎረቤት ቤት አውልቆ፣ ፊቱን ታጥቦ ይገባ ነበር። እኅቶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከዋሉበት ድንኳን ተነሥተው፣ ደጇ ሲደርሱ መልሰው አስተካክለው እየለበሱ ይጠይቋት ነበር። ልጁ ክርስትና በተነሣ በሦስተኛው ቀን ማለዳ በሩ ተንኳኳ።

በዚያን ጊዜ ድንኳኑ ፈርሷል። እድሩ ወንበሩንና ድስቱን መልሶ ቆልፏል። የሩቅ ዘመድ ወደየአገሩ ተመልሷል። ሌሎቹ አልቅሰው ወጥቶላቸዋል፤ እርሷ ገና መጀመሯ ነው። እድር ለአንድ ሟች ሁለት ጊዜ ድንኳን አይተክልም። ሐዘን በጋራ በሚታዘንበት አገር ብቻዋን አዘነች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስናወጋ እንዲህ አለችኝ፤ «የእናቴን ሞት እችለው ነበር። ያልቻልኩት በዚያን ሰሞን የሳቅኋቸውን ሳቆች ነው።» ከዚያ ወዲህ ሕፃኑ ባተኮሰው ቁጥር «ቀላል ነው» የሚላትን ሰው ማመን አቅቷት ቆየች። ለምን ትመን? የሚወዷት ሁሉ ፊቷ ቆመው፣ ዓይኗን እያዩ ዋሽተዋታል።

አሁን የልማዱን ጠበቆች እንስማ።

«ወተቷ ይነጥፋል፤ ሕፃኑም ሐዘን ይጠባል» ይላሉ። ወተትን የሚያመጣው የሕፃኑ መጥባት ነው። ብርቱ ድንጋጤ የወተቱን መውረድ ለጊዜው ሊያዘገየው ይችላል፤ እናቲቱ አርፋ፣ ጠጥታ፣ በልታ፣ ልጁን ደጋግማ ስታጠባው ግን ይመለሳል። ከጡት ወደ ሕፃን አፍ የሚፈስስ ሐዘን የሚባል ነገር የለም። ወተቷ ያሳስበናል ካልን ከእውነቱ በፊትም ሆነ በኋላ ማድረግ የሚገባን አንድ ነው፤ አጠገቧ ተቀምጦ ማብላት፣ ማጠጣት፣ ሕፃኑን ተቀብሎ ማስተኛት።

«ትታመማለች፤ አእምሮዋ ይታወካል» ይላሉ። ይህ ሥጋት መሠረት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከወለዱ 100 ሴቶች መካከል 13 ያህሉ፣ በታዳጊ አገሮች ደግሞ ወደ 20 የሚጠጉት የአእምሮ ጤና መታወክ ይገጥማቸዋል፤ ከሁሉ የሚበዛውም ድባቴ ነው። ነገር ግን ይህ አኃዝ የሚመሰክረው ለማን ነው? አራስ አስቀድማም በቋፍ ላይ ያለች ሰው ከሆነች፣ በሹክሹክታ የተሞላ ቤት፣ ዓይኑን የሚያሸሽ ባል፣ ድንገት ክፍል ለቅቀው የሚወጡ እኅቶች ይፈውሷታል? አንድ ነገር እንደተደበቃት ታውቃለች። በብዙ የአገራችን ክፍል የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ ወይም እናት ወደ እርሷ ይመጣሉ። አራስን የሚያርሱ እናት ናቸው። የእኚህ ሴት አለመምጣት በየትኛው ጉንፋን ይሸፈናል?

ደም ለሚፈስሳት፣ የደም ግፊቷ ለናረ፣ ከቀዶ ሕክምና ገና ላልነቃች ወላድ ሐኪም አማክሮ ሰዓታትን፣ ቢበዛም ቀናትን መታገሥ ተገቢ ነው። ይህንን ማንም አይነቅፍም። እኔ የምነቅፈው ከሐኪም ጋር ሳይማከሩ፣ ከልማድ ብቻ ተነሥተው፣ አርባ ቀን የሚዘልቀውን ውሸት ነው።

«መጽሐፍስ ምን ይላል? የፊንሐስ ሚስት መርዶ ሰምታ አይደለም ወይ በምጥ የሞተችው?» የሚል አይጠፋም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 4 የተጻፈው ታሪክ ነው። አማቷ ዔሊና ባሏ መሞታቸውን፣ ታቦቱም መማረኩን ስትሰማ ምጥ ያዛት፤ ልጇንም ኢካቦድ ብላ ሞተች። ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሌላ ነገርም ያገኛል። በዙሪያዋ የቆሙት ሴቶች ወንድ ልጅ ስለወለደች እንዳትፈራ ነገሯት፤ እርሷ ግን አልመለሰችላቸውም፣ ልቧንም አላደረገችበትም። በልጅ ሐዘንን ለመሸፈን የተሞከረው ሙከራ እዚያው፣ በመጽሐፉ ውስጥ፣ ከንቱ ሆኗል።

ይህ ደግሞ ወደ ሁለተኛው ክሴ ያደርሰኛል። ለአራሷ መርዶውን ከነገርናት በኋላ እንኳ የምንሰጣት ማጽናኛ አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር አንዱን ወስዶ አንዱን ሰጠሽ፤ ምትክ አገኘሽ።» በቋንቋችን ያሉት ስሞች ይመስክሩ፤ ካሳ፣ ካሳሁን፣ ምትኩ፣ ተተካ፣ ማስረሻ። ስሞቹ ውብ ናቸው፤ የብዙ ደጋግ ሰዎች ስሞችም ናቸው። ነገር ግን የሦስት ኪሎ ሕፃን ጫንቃ የአንዲት አሮጊት ሞት መሸከም ይችላልን? ልጅ የማንም ዕዳ ማካካሻ አይደለም። እናትም በልጅ የምትለወጥ ገንዘብ አይደለችም። ራሔል በምጥ ስትሞት ልጇን ቤንኦኒ፣ የሐዘኔ ልጅ፣ ብላ ነበር፤ ያዕቆብ ግን ያንን ስም ከልጁ ላይ አንሥቶ ብንያም አለው። ሐዘኑን ግን አልካደም፤ በመቃብሯ ላይ ሐውልት አቆመ። ልጁን ከሐዘን ስም ነጻ አወጣው፣ ሐዘኑንም በራሱ ስፍራ አኖረው። ሁለቱን መለየት ማለት ይህ ነው።

የሚያስደንቀው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን የምናኖርበትን ሥርዓት ከሩቅ መፈለግ የማያሻን መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ለሙታንም መታሰቢያ የሚደረገው በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከዚያም በ40ውና በ80ው ነው። ለመጣው የሚቆጠረውና ለሄደው የሚቆጠረው ቍጥር አንድ ነው! በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድም፣ የባሏን ዒዳ ከምትጠብቀው ሚስት በቀር፣ ሐዘን ለሦስት ቀን ተወስኗል፤ የሕፃኑ አቂቃ ደግሞ በሰባተኛው ቀን ይታረዳል። ሃይማኖቶቻችን ልደትንና ሞትን በአንድ የቀን አቆጣጠር ለመያዝ አልፈሩም። የፈራነው እኛ ነን።

«አራስ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ብትሰማስ ምን ታደርጋለች?» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ቀኑ እስኪሞላ ቤተ መቅደስ አትገባም። ነገር ግን ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ማልቀስን የከለከለ ማነው? ቤቷ ተቀምጣስ እናቷን በስማቸው ጠርታ ማልቀስን?

ሕጋችንም ከልማዳችን የተሻለ ርኅራኄ አላሳየም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሰጥቷል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ልጅ ለተወለደለት አባት ግን የሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። እናት ወይም አባት ለሞተበት ሠራተኛም ሦስት የሥራ ቀን። በአንድ ሰሞን ልጅ አቅፎ አባቱን የቀበረ ሰው ሁለቱን ደምሮ አንድ ሳምንት አይሞላለትም። ከዚያ በኋላ ቀን ቢሮ ይውላል፣ ማታ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሌሊት ሕፃን ያባብላል። «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ?» የሚለው ብዙ ነው፤ ለአንድ ሌሊት ሕፃኑን ተቀብሎ የሚያስተኛው ግን ጥቂት።

በዚህ ላይ ዘመኑ ውሸቱን የሚሸከም አልሆነም። ዱሮ የሰፈሩን አፍ መያዝ ይበቃ ነበር። ዛሬ አራሷ ሌሊት ልጇን እያጠባች ስልኳን ስትከፍት፣ የእናቷን ፎቶግራፍ «ነፍስ ይማር» ከሚል ጽሑፍ ጋር በፌስቡክ ልታየው ትችላለች። መርዶ የሚደግፍ ክንድ በሌለበት፣ በጨለማ፣ ከመስታወት ላይ ይነበባል። ይህንን ፈርተው ስልኳን የሚደብቁ ቤተሰቦች አሉ። አንድን ጎልማሳ ሰው እስረኛ እስከ ማድረግ የሚያደርስ ፍቅር ቆም ብሎ ራሱን ሊመረምር ይገባዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ብዙ አይደለም። ሌላው በተረዳበት ማለዳ እርሷም ትረዳ። የምትወደው ሰው ይንገራት፤ ሕፃኑ ጠብቶ በሌላ ሰው ክንድ ላይ ይሁን። «ታመዋል»፣ «ደክመዋል» እየተባለ አይዞር፤ «ዐርፈዋል» ይባል። ወደ ቀብር መሄድ ትፈልግ እንደሆነ እርሷ ትጠየቅ፤ ከፈለገች መኪና ይፈለግላት፣ ከልጇ ጋር የሚቀመጥላት ሰው ይመደብ። ካልቻለች ለቀስተኛው ወደ እርሷ ይምጣ። ልጇን አቅፋ ካለቀሰች «ለልጁ ብለሽ ዝም በዪ» አትባል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» በአንድ አፍ፣ በአንድ ጉብኝት ሊባሉ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አያረክሰውም። እድሮቻችንም ድንኳን የሚተክሉበት መተዳደሪያ እንዳላቸው ሁሉ፣ ሐዘንተኛዋ አራስ በሆነች ጊዜ ተራ ገብተው የሚያድሩላት ሴቶች ይመድቡ። የዕቃ ቤታቸው ድስት ለለቅሶ ንፍሮ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ገንፎም ይገነፋበታል።

የልጁ ልደትና የአያቱ ሙት ዓመት ከእንግዲህ በየዓመቱ በአንድ ሰሞን ይመጣሉ። ያች እናት ዕድሜዋን ሙሉ ሻማውንና ጧፉን በአንድ ሳምንት ስታበራ ትኖራለች። ሁለቱንም ማብራት የምትማረው በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ነው፤ ያን ጊዜ ካልተፈቀደላት በየዓመቱ ከአንዱ ስትሸሽ ትኖራለች።

አንባቢ ሆይ፤ ነገ በሰፈርህ ወይም በቤተሰብህ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ፣ «ለእርሷ እንዳይሰማ፣ አደራ!» የሚል ሰው ወደ አንተም መምጣቱ አይቀርም። አደራውን አትቀበል። ዝም ብለህም አትለፍ፤ «መቼ ነው የምንነግራት? እኔም አብሬ እመጣለሁ» በል።