ሣጥኑ ለሕዝብ፣ ቁልፉ ለማን?

በአየርላንድ ሊትሪም የምትባል የገጠር አውራጃ እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን 2024 የምክር ቤት አባላቷን መረጠች። አመራረጡ ያስቀናል! መራጩ እጩዎቹን 1፣ 2፣ 3 እያለ በቁጥር ያስቀምጣል፤ አንደኛው ከወደቀበት ድምፁ ለሁለተኛው ይተላለፋል እንጂ ሜዳ ላይ አይቀርም። ቆጠራውንም የፓርቲ ሰዎች ቆመው ያያሉ።

ታዲያ ምን ጎደለ? 18ቱ ተመራጮች በጀት ያጸድቃሉ፤ የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚያዘው ግን ሕዝብ ያልመረጠው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነው። ገበሬው መንገዴ ተበላሸ ብሎ ለተመራጩ ይጮኻል፤ ተመራጩ ደግሞ ሹመኛውን ደጅ ይጠናል! በዚያው ቀን የሥራ አስፈጻሚነት ሥልጣን ያለው ከንቲባ በቀጥታ የመረጠው የሊመሪክ ሕዝብ ብቻ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ! ድምፅ በሐቅ መቁጠር ግማሽ መንገድ ነው። የተመረጠው ካላዘዘ፣ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ለሊመሪክ የተፈቀደ ለሊትሪም ለምን ይነፈጋል?