ፊትን ስለሚያቀላ ቅባት

ኢትዮጵያዊ መልኩን መለወጥ እንዳይቻለው ነቢዩ ኤርምያስ በምሳሌ ተናግሮ ነበር። ዛሬ ግን ይህንኑ እናደርጋለን የሚሉ ቅባቶች በሱቅ ይሸጣሉ። ሙሽራ ሲመረጥ «ቀይ ናት» መባል እንደ ሞገስ ስለሚቈጠር ገዥ አይታጣም፤ በመጀመሪያው ወራት ፊት ጠርቶ መታየቱም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በአንዳንዱ ቅባት ያለው ባዜቃ (ሜርኩሪ) ኵላሊትን ይጎዳል፥ ከእናት ወደ ፅንስም ይተላለፋል። ክሎቤታሶል የተባለው ብርቱ መድኃኒትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲዘወተር ቆዳን ያሳሳል። ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በምትገኘው በደብረ ታቦር፥ ፀሐይ በሚበረታበት ደጋ፥ ጥቁረት የቆዳ ጥላ ነው፤ እርሱን መግፈፍ ጃንጥላን መጣል ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ባዜቃ ያለባቸውን ማቅያዎች ንግድ ለማስቀረት ወስኗል። ስለዚህ ሹማምንት ልጃገረዶችን ከመውቀስ ይልቅ በውስጡ ያለው ያልተጻፈበትን ዕቃ ከሻጩ እጅ ይመርምሩ፤ የንስሐ አባቶችም ነገሩን አስቀድመው ለነፍሰ ጡሮች ይንገሩ።