ስሌትና ትንቢት

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አዲስ ዓለም የተቆረቆረችው በአንድ ስሌት ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ማገዶ እያለቀ ስለ ሄደ ከተማይቱ ትለቀቃለች ተብሎ ታሰበ፤ ዳግማዊ ምኒልክም በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት አሠሩ። ስሌቱ የማገዶውን ማነስ በትክክል አይቷል፤ የባሕር ዛፍን ፈጥኖ ማደግ ግን አልቆጠረም። ባሕር ዛፉ አደገ፤ ዋና ከተማው ከቦታው አልተነሣም፤ የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካን ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያን ሰሞን አንዱ የዜና ማሠራጫ በረከት ወረደ ሲል፣ ሌላው አገር ጠፋ አለ። ሁለቱም ለምስክርነት የጠሩት የኤኮኖሚ ሊቃውንትን ነው፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ለየራሳቸው የሚስማማውን ሊቅ መርጠው ነው።

እኛም ከትምህርት ገበታ የተነሣነው በቅርቡ ስለሆነ የሊቃውንቱን ድካም አንንቅም። ሆኖም ትንቢቱ ቢስት ሊቁ ሌላ ጽሑፍ ይጽፋል፤ ገበሬው ማዳበሪያውን፣ ደመወዝተኛውም ዘይቱን የሚገዛው ግን በአዲሱ ዋጋ ነው። ስለዚህ ለውጥ ዝግ ብሎ እንዲራመድ መሻት ኋላ ቀርነት ሊባል አይገባም። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” የሚለው ተረት ለብርም ይሠራል። ጋዜጠኛ ሊቅ በጠራ ቁጥር፣ “አምና ምን ብለው ነበር? ዘንድሮስ ያልቆጠሩት ምንድን ነው?” ብሎ ይጠይቅ። ጋዜጠኛው ባይጠይቅ አንባቢው ይጠይቅ።